ተራራችን ራጅ ተነሥቷል፤ ውጤቱን ለልጆቹ የሚያነብላቸው ማነው?

ለመሆኑ ደብረ ብርሃን የቆመችው በምን ላይ ነው? ይህን ጥያቄ በእረፍት ሰዓት ለጓደኞቻችን ብናቀርብ መልሱ ዝግጁ ነው። «በድንጋይ ላይ ነዋ!» ይሉናል። ከድንጋዩስ ሥር? «ሌላ ድንጋይ!» ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ያለው ሳቅ ነው፤ ደወሉም ይደወላል፤ ሁሉም ወደየክፍሉ ይገባል።

እኛ ግን ጥያቄው በሳቅ የሚታለፍ አይመስለንም። ምክንያቱም መልሱ ያልታወቀ ሆኖ አይደለም። መልሱ ታውቋል፤ በመሣሪያ ተለክቷል፤ በኪሎ ሜትር ተጽፏል። ያልሆነው ነገር ቢኖር ወደ እኛ አለመድረሱ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ በአንኮበር፣ በጣርማ በር፣ በምንጃር፣ በአንጾኪያ ትምህርት ቤቶች ተመድበን ጠመኔ የምንይዘው ደግሞ እኛው ነን። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በዚህች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አንሥተን ከአንባብያን ጋር ልንወያይበት ወደድን።

የ2017 ዓ.ም.ን ነገር የዘነጋ ያለ አይመስለንም። ከመስከረም ወር ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ያዘች። ታኅሣሥ ላይ ባሰባት። ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት የደረሰው ንቅናቄ በመጠን 5.7 ገደማ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቆ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ፎቅ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ልብስ ደጅ ወረዱ። እኛም በዚህ በደጋው ሆነን ጣራው ሲንሿሿ፣ ብርጭቆው ከብርጭቆ ሲጋጭ ሰምተናል።

በዚያ ሰሞን በከተማው የተሰማው ማብራሪያ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው «ቁጣ ነው» የሚል ነው፤ ይህን የሚሉ አባቶችና እናቶች ጸሎታቸውን ይዘዋልና ከእነርሱ ጋር ክርክር የለንም። ሁለተኛው በስልክ ሲዛወር የነበረው ወሬ ነው። «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል፤ ያልሰማ ይስማ!» እየተባለ ስንቱ ልጁን ታቅፎ ሜዳ ላይ አደረ። ሦስተኛው ደግሞ የእኛው የደገኞቹ መጽናኛ ነው፤ «እሱ የቆላው ጉዳይ ነው፣ እኛ ተራራ ላይ ነን፣ ተራራ አይነቃነቅም።» ከሦስቱ የሚያሳስበን ይህ የመጨረሻው ነው። ወሬውስ በማግስቱ ውሸትነቱ ይታወቃል። «ተራራ አይነቃነቅም» የሚለው ግን እውነት መስሎ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

እስቲ ሳይንሱ እንዴት አድርጎ ወደ መሬት ውስጥ እንደሚያይ ባጭሩ እንግለጽ። ዘዴው እንደሚወራው የረቀቀ አይደለም። እናቶቻችን ጋኑ ጠላ መያዝ አለመያዙን ሳይከፍቱት ያውቃሉ፤ በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጉታል። ባዶው ይጮኻል፣ ሙሉው ይደነቁራል። እረኛውም ከአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቢጣራ የገደል ማሚቶ ድምፁን ይመልስለታል፤ ቶሎ ከተመለሰ ግድግዳው ቅርብ ነው፣ ከዘገየ ሩቅ ነው። የመሬት ጥናቱም ይኸው ነው። መሬትን መምታት፣ ሞገዱ እስኪመለስ መጠበቅ፣ ሰከንዱን መቁጠር። መምቻው ወይ በጉድጓድ የተቀበረ ፈንጂ ነው፣ ወይም ተፈጥሮ ራሷ የምትልከው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሰሚው ሳይስሞግራፍ የሚባለው መሣሪያ ነው።

ሒሳቡን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሥራት ይቻላል። የመሬት ቅርፊት (ልክ እንደ ዛፍ ቅርፊት የላይኛው ልባስ ማለታችን ነው) 40 ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ሞገዱ በሰከንድ 6.5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ወርዶ ለመመለስ 80 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ 12 ሰከንድ ከጥቂት ይፈጅበታል። ቅርፊቱ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን በ9 ሰከንድ ይመለሳል። እንግዲህ በተራራና በቆላ መካከል ያለውን የከርሠ ምድር ልዩነት የሚነግረን ይህች የሦስት ሰከንድ ልዩነት ናት። ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ ማካፈል ይህ ነው?

በተግባር ሲታይ ሞገዱ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ አይመለስም። ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትል የሚባለው ዐለት ጥቅጥቅ ያለ ነውና በውስጡ ሞገድ ይፈጥናል፤ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚህ የተነሣ ሩቅ በቆመ መሣሪያ ዘንድ ቀድሞ የሚደርሰው በአጭሩ መንገድ ላይ ላዩን የሄደው ሞገድ አይደለም፤ ወደ ታች ወርዶ፣ በፈጣኑ ዐለት ሄዶ፣ እንደገና የወጣው ነው። ገበያ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል፤ በአቋራጭ ኮረብታውን የወጣውን እግረኛ፣ ዞሮ በአስፋልት በመኪና የመጣው ይቀድመዋል። ክሮኤሺያዊው ሞሆሮቪቺች በ1909 በፈረንጆች አቆጣጠር አገሩ ላይ የደረሰውን አንድ ንቅናቄ ሲመረምር ይህን መቅደም ነው ያስተዋለው። በቅርፊትና በማንትል መካከል ያለው ድንበር እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል፤ ባጭሩ «ሞሆ» ይሉታል።

የተራራ ሥር ነገርማ ከዚያም ቀደም ብሎ የተጀመረ ክርክር ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲቀይሱ የሂማላያ ተራራ ያን ያህል ግዙፍ ሆኖ ሳለ ቱንቢያቸውን የሚገባውን ያህል ወደ ራሱ አልሳበላቸውም። በ1855 ኤሪ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ተራራ ወደ ታች የሚወርድ ቀላል ሥር አለው፣ እንደ ተንሳፋፊ እንጨት ነው፣ ከላይ ከፍ ያለው ከታችም ጠለቅ ያለ ነው አለ። ፕራት የተባለው ሌላው ሊቅ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አቀረበ። ማን ትክክል እንደሆነ በንግግር የሚፈታ አልነበረም፤ ሞገድ ተልኮ መጠየቅ ነበረበት። በኋላ ሲጠየቅ በሂማላያና በቲቤት ሥር ቅርፊቱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከተለመደው የአህጉር ቅርፊት እጥፍ መሆኑ ነው። በእኛ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የተራራ አፈጣጠር ሲነሣ የሚመጣው ምሳሌ ይኸው ሂማላያ ነው፤ ከዚያ አልፕስ ነው። ሁለት የመሬት ንጣፎች ተጋጭተው፣ ተጨማደው፣ ተጣጥፈው የወጡ ናቸው።

መልካም። የእኛስ? የጣርማ በርን ገደል በመኪና መስኮት ያየ ሰው የተጨማደደ ነገር አላየም። ያየው እንደ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ የዐለት ንጣፍ ነው። የሸዋ ተራራ በግጭት የተወለደ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ በጎርፍ መልክ ፈስሶ የተነጠፈ ባዛልት ነው፤ ኋላም ከፍ ከፍ ብሎ፣ በስተ ምሥራቅ ጎኑ ተሰብሮ የወረደ ነው። እንግዲህ በሂማላያ ምሳሌ የአንኮበርን ልጅ ስለ አንኮበር ማስተማር፣ የጎረቤትን ፎቶግራፍ አሳይቶ «ይህ አባትህ ነው» እንደ ማለት ነው።

የእኛ ተራራ ደግሞ የራሱ ፎቶግራፍ አለው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀርመኖች በአፋርና በደጋው ላይ በፈንጂ ለክተዋል። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱት ጥናት በየአገሩ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ ከእነዚህ አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነበር። ይህ ጥናት ፈንጂ አልፈለገም። ሩቅ አገር የሚነሣ መንቀጥቀጥ ሞገዱ ምድርን አቋርጦ ከእግራችን ሥር ሲደርስ ሞሆን በሚነካበት ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ፈጣኑ ይቀድማል፣ ዘገምተኛው ይከተላል። ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር በሆነበት ቦታ በሁለቱ መካከል 5 ሰከንድ ያህል ይኖራል። ሙሉጌታ ዱግዳ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ቆጥረው በፈረንጆች 2005 አሳተሙ። በደጋው ላይ ከ33 እስከ 44 ኪሎ ሜትር፣ በዋናው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ27 እስከ 38 ኪሎ ሜትር አገኙ።

ትልቁ ሥራ ግን ኢግል የተባለው ነው፤ ንስር ማለት ነው። የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በኅብረት ያካሄዱት ሲሆን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ መሣሪያዎች በስምጥ ሸለቆውና በሁለቱ ደጋዎች ላይ ተተከሉ። በጥር 1995 ደግሞ አንድ ሺህ ያህል ሳይስሞግራፎች ተዘርግተው፣ ሃያ ያህል ፍንዳታዎች ተካሄዱ። አንደኛው መስመር ሸለቆውን ተከትሎ፣ ሌላኛው ከምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ምሥራቁ ደጋ፣ እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነው ተዘረጉ። የሚያቋርጠው መስመር ከእኛ በስተ ደቡብ ቢያልፍም የተዘረጋበት ደጋ ግን ይኸው የእኛው ደጋ ነው።

ምን አዩ? አንባቢ ከዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብልን እንፈልጋለን። በምዕራቡ ደጋ ሥር ቅርፊቱ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በምሥራቁ ደጋ 40 ገደማ ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ አፋር በተሄደ ቁጥር እየሳሳ፣ እየሳሳ 26 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወርዳል። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንን መንገድ አዙረን ወደ ታች ብናቆመው ወለሉን ልንነካው ነው ማለት ነው። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ! ሰው ግን ወደዚያ አይሄድም፤ ሞገድ ብቻ ነው የሚሄደው።

ከዚህም የበለጠ የገረመን አለ። በምዕራቡ ደጋ ቅርፊት ታችኛው ክፍል ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ሞገድ የሚፈጥንበት ከባድ ንጣፍ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንደሚተረጉሙት ይህ ድሮ ከማንትል ተነሥቶ ሳይወጣ የቀረ፣ እዚያው ከሥር ተለጥፎ የበረደ የቀለጠ ዐለት ነው። ይታያችሁ! በጣርማ በር ገደል ላይ የምናየው የተደራረበ ንጣፍ የወጣው ብቻ ነው። ያልወጣው ከሥራችን ነው። ተራራው ወደ ላይ እንዳደገው ሁሉ ከታችም ተጨምሮበታል።

በስምጥ ሸለቆው ወለል ሥርስ? ከ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ጀምሮ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው፣ የተነጣጠሉ የቀዘቀዘ ማግማ አካላት በሥዕሉ ላይ ወጡ። የተደረደሩትም ከላይ ባሉት እሳተ ገሞራዎች ሥር ነው። ይህ በፈረንጆች 2004 ታተመ። እንግዲህ አስተውሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን ሲንቀጠቀጡ የሳተላይት ራዳር ያሳየው አዲስ ማግማ በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን ሲያስፋፋ ነው። ጓዳው የት እንዳለ ከሃያ ዓመት በፊት ተሥሎ ነበር። በስልክ የተሰራጨው ወሬ ግን ይህን ሥዕል አላየም፤ ወሬውን ያመነውም አላየም፤ ያላየውም ማንም ስላላሳየው ነው።

አሁን ወደ አንኮበር እንመለስ። የአንኮበርን ገደል የሠራው ትልቅ ስንጥቅ የተጀመረው ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ እንደሆነ የዐለቱ ዕድሜ ተለክቶ ታውቋል። ከጊዜ በኋላ የመሬቱ መሳሳብ በአብዛኛው ከተራራው ጠርዝ ወደ ሸለቆው መሐል ተዛወረ። ሁለቱ ደጋዎች ዛሬም በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ከአንዲት የገብስ ፍሬ ርዝመት የማይበልጥ ነው። «ታዲያ ጠርዙ ጡረታ ወጥቷላ!» የሚል ይኖራል። አልወጣም። የኢግል መሣሪያዎች የመዘገቧቸው ትንንሽ ንቅናቄዎች በካርታ ላይ ሲነጠቡ አብዛኞቹ በሸለቆው መሐል እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ ቢወድቁም፣ አንድ ጉልህ ክምችት የታየው ግን በአንኮበር በኩል ነው። ይኸውም የዋናው ስምጥ ሸለቆና ከቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው ስምጥ የሚገናኙበት ነው። ተራራ አይነቃነቅም የምንል ደገኞች ይህን ነጠብጣብ አንድ ጊዜ ብናየው ይበቃናል።

ያለ መሣሪያም ቢሆን ታሪኩ አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1835 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ከብርቱ ዝናም በኋላ መሬት ተንቀጥቅጣ ተዳፋቱ ተናደ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ወደ ገደል ወረዱ። በግንቦት 1953 ደግሞ በደሴ መንገድ በኩል በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሳት፤ የካራ ቆሬን ቤቶችም ክፉኛ ጎዳ፤ መሬቱ ተሰነጠቀ። ዋናው ንቅናቄ ግንቦት 24 ቀን የደረሰ ሲሆን መጠኑ 6.5 ገደማ ነበር። ይህንን ሁሉ መዝግበው ያቆዩልን ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። እኒህ ሰው በአዲስ አበባ በ1950ዎቹ መባቻ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያውን የመሠረቱ፣ በኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 በፈረንጆች በመጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ዶክተር ላእከ ማርያም አስፋውና ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ሥራውን ቀጥለውበታል። ከክፍላችን ውስጥ የእነዚህን ሰዎች ስም ከሰሙት ይልቅ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾችን ስም ከነማሊያ ቁጥራቸው የሚያውቁት እንደሚበዙ ማንም አይክደንም። ኳሱን አንነቅፍም፤ እኛም እንመለከታለን።

ወደ ነገራችን ፍሬ እንግባ። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ መሬት ስትንቀጠቀጥ ከሥሯ ምን እየሆነ ነው?» ብላ ጠየቀች። የክፍሉ መምህር «ይህ በዚህ ምዕራፍ የለም» አሉና አለፉ። እኒህን መምህር ልንወቅስ አይደለም የምንጽፈው። በክፍሉ ውስጥ ከሰባ ያላነሱ ልጆች ነበሩ፤ በመጽሐፉም ውስጥ እውነትም የለም። ነገር ግን ልጅቱ ከዚያ ወጥታ መልሱን ከማን ልታገኝ ነው? ከስልኩ ወሬ ነው። እኛን ያሳሰበን ይህ ነው። መምህር የተወውን ጥያቄ ሌላ ሰው አይተወውም።

በዚህ ላይ የሚቃወሙን አሉ። አንዱ ጓደኛችን «ይህ የጂኦሎጂስት ሥራ ነው፤ እኛ የምናስተምረው ሀ ሁ ነው» ይለናል። ከመምህሮቻችንም አንዱ በትሕትና እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የትምህርት ቢሮው ያወጣው መርሐ ትምህርት አለ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ከየት ታመጡታላችሁ?» የእርሳቸው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። እኛ የምንለው አዲስ ምዕራፍ ይጨመር አይደለም። «የመሬት ገጽታ» የሚል ርዕስ አለ፤ «ተራራ» የሚል ርዕስ አለ፤ «የመሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ» የሚል ርዕስ አለ። በእነዚያው ውስጥ ከሂማላያው ምሳሌ ጎን አንኮበርን ማስቀመጥ ነው። ደግሞስ ሒሳብ መምህሩ ርቀትን ለፍጥነት ሲያካፍል፣ የባቡሩንና የመኪናውን ጥያቄ በሚሰጥበት ቦታ አንድ ጊዜ የሞገዱን ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል? ለማስረጃ ያህል፤ መሬት ስትንቀጠቀጥ መጀመሪያ ትንሿ ድብታ፣ ቀጥሎ ትልቁ ውዝዋዜ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ብናባዛ ንቅናቄው የተነሣበት ርቀት በኪሎ ሜትር ይገኛል። ዶፈን ከአንኮበር በቀጥታ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ 6 ሰከንድ ገደማ ነው። መብረቅ አይቶ ነጎድጓድ እስኪሰማ የሚቆጥር እረኛ ይህን ለመረዳት አስተማሪ እንኳ ብዙም አይፈልግም!

የቋንቋው ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ከላይ የዘረዘርነው ጥናት ሁሉ የታተመው በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔቶች ነው። የሚያነቡት ዩኒቨርሲቲ ያሉት ናቸው። እኛ ደግሞ አንደኛ ደረጃ የምናስተምረው በአማርኛ ነው። በመካከሉ ድልድይ የለም። ድልድዩ ማን ሊሆን ነው? ተመራማሪው ጊዜ የለውም፤ ጋዜጠኛው የሚመጣው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው። እንግዲህ የቀረነው እኛ ነን። ቃላቱ እንደሆነ አሉን፤ ቅርፊት አለን፣ ሞገድ አለን፣ ስንጥቅ አለን፣ ስምጥ ሸለቆ አለን፣ የገደል ማሚቶ አለን። ሞሆንም እንደ መኪናና እንደ ሬዲዮ ተቀብለን መጥራት ነው። ቃል ሲጎድል እንዋሳለን፤ ሐሳብ ሲጎድል ግን ከማን እንዋሳለን?

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ይህ የከርሠ ምድር ሥዕል ቀን አይቆርጥም። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የቻለ ሳይንስ እስካሁን የለም፤ ነገ በዚህ ሰዓት ይሆናል ብሎ መልእክት የሚልክ ሁሉ ሐሰተኛ ነው፤ ፕሮፌሰር ነኝ ቢልም። ሥዕሉ የሚናገረው የትና ለምን የሚለውን ነው። ደግሞም «እነዚያ ፈረንጆች በፈንጂ መሬቱን ስለቀሰቀሱት ነው» የሚል ወሬም ሰምተናል። አንድ ቶን ፈንጂ የሚፈጥረው ንቅናቄ ጥቂት ኪሎ ሜትር ያለፈ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ የታኅሣሥ 26ቱ ንቅናቄ በሞገድ ብቻ የለቀቀው ጉልበት በሺዎች የሚቆጠር ቶን ፈንጂ ያህል ነው። በዚያ ላይ በፈንጂውና በንቅናቄው መካከል 22 ዓመት አለ። በጋኑ ላይ ጣቷን ያንኳኳች እናት ጋኑን ሰበረችው እንደ ማለት ነው። ይህንንም ልጅ ሊረዳው ይችላል፤ ሲያድግ ደግሞ በወሬ አይነዳም።

የቤቱ ነገር ይቅር ብንል ደስ ባለን። ነገር ግን በአንኮበር ተዳፋት ላይ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጆችን ይዞ የሚቆመው እኛ እንሆናለን። ግድግዳው ቢያዘነብል ከየትኛው በኩል እንደሚወድቅ፣ ልጆቹ ከግድግዳው ርቀው ከዴስክ ሥር ራሳቸውን ሸፍነው ውዝዋዜው ሲያቆም በየት እንደሚወጡ፣ ክረምት ላይ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው አፈር ስንጥቅ ማሳየት አለማሳየቱን አስቀድመን ማየት ያለብን እኛ ነን። ይህን በሥልጠናችን ውስጥ እስካሁን በአንድም ኮርስ ላይ አላገኘነውም።

ስለዚህ ሐሳብ ብቻ አቅርበን አንቀመጥም። የመማሪያ መርጃ መሣሪያ ትምህርት ለሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የሚሰጠንን ሥራ ለዚህ እናውለው ብለን የተስማማን ስምንት ሠልጣኞች አለን። የምንሠራው ከደብረ ብርሃን እስከ ዶፈን ያለውን የመሬት ቁራጭ ነው፤ ርቀቱ በቀጥታ 76 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ኪሎ ሜትርን በአንድ ሴንቲ ሜትር ብንወስድ ወረቀቱ 76 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2.8 ሴንቲ ሜትር ትቆማለች፣ የአዋሽ ሜዳ 1 ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ያ ሁሉ የምንፎክርበት፣ ቁልቁል ሲያዩት ራስ የሚያዞረው የአንኮበር ገደል በወረቀቱ ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም! ከሥሩ ግን በደጋው በኩል ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ በቆላው በኩል 30 ገደማ ቅርፊት ይሣላል። የሥዕሉ ትልቁ ክፍል የማይታየው ነው።

ለዚህ ሥራ የጎደሉን ጥቂት ነገሮች ናቸው። ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት አራት ፊት፣ ቀይና ጥቁር ማርከር፣ ሙጫ፤ ከተገኘም የጉዋን መጽሐፍ አንድ ቅጂ፣ ቤተ መጻሕፍታችን ከአዲስ አበባ ሊያስመጣልን ቢችል። ሥዕል የሚችል ሠልጣኝም እንፈልጋለን፤ ከእኛ መካከል ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ አልተገኘም። ፈቃደኛ የሆናችሁ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ በመርጃ መሣሪያ ክፍሉ በር ላይ እንገናኝ። ሐሳባችንን የምትቃወሙም ብትሆኑ በዚህችው ሰሌዳ ላይ ጻፉልን፤ በግራ በኩል ያለው ቦታ ለሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ነው።